የጀርመን ዘመዶቼን ከየት ልጀምር?

የደብረ ታቦር ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? የአያቴ አያት፣ ጋፋት ላይ ለአጼ ቴዎድሮስ ከሠሩት ጀርመኖች የአንዱ ልጅ ናት ይባላል። በእጄ ያለው ከአያቴ ዳዊት ውስጥ የወጣ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው። ጽሑፉ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። መስከረም ላይ ለሥራ ሽቱትጋርት እሄዳለሁ። ምን ላድርግ?

የማንሃይሙ፦
የመንደሩን ስም ፈልግ። «ጀርመን ነው» ብቻ የትም አያደርስህም። የመንግሥት የልደት መዝገብ በመላ አገሪቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ያንተ ሰውዬ ከዚያ በፊት ስለተወለደ የሚያዋጣህ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የፕሮቴስታንቶቹን አርኪዮን የሚባል ድረ ገጽ ላይ ከፍለህ ታያለህ። ጉንዳን ያልከው ኩረንት የሚባል የድሮ የእጅ ጽሑፍ ይመስለኛል። የዛሬ ጀርመኖችም አብዛኞቹ አያነቡትም፤ አትፈር።

ሙኒክ ያለሁት፦
ወንድሜ፣ ብታገኛቸውም ሳትጽፍላቸው እንዳትሄድ! እኔ የባሌን ዘመዶች ድንገት ደረስኩባቸው። በር ላይ አቁመው «ቀጠሮ ነበረን?» አሉኝ። በሌላ ጊዜ ጽፌ ስሄድ ግን የፕለም ኬክ ጋግረው ጠበቁኝ።

የደብረ ታቦር ልጅ፦
ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። «ባዝል» የሚል አለበት። ስዊዘርላንድ አይደል እንዴ?

የማንሃይሙ፦
ነው። ግን ቶሎ አትደምድም። የጋፋቶቹ ሚስዮናውያን የሠለጠኑት ባዝል አጠገብ፣ ክሪሾና በሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። የተማረበት እንጂ የተወለደበት ላይሆን ይችላል።