አሚዮዳሮን ለሚወስዱ ሕመምተኞች የጉበት ምርመራ፦ ደብረ ማርቆስ ወይስ ባሕር ዳር?

ለልብ ምት መዛባት አሚዮዳሮን የታዘዘላቸውን እናትዎን የት ማስመርመር እንደሚሻል ለጠየቁት ወንድማችን፣ እኔም አባቴን በዚሁ መድኃኒት ምክንያት ሦስት ዓመት ስላመላለስሁ ያየሁትን ልንገርዎ።

መድኃኒቱ በስብና በጉበት ውስጥ ስለሚከማች ከቆመ በኋላም ለወራት ከሰውነት አይወጣም፤ ጉበትን ሲጎዳም ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው ነው፤ ዓይን ቢጫ እስኪሆን መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ የደም ምርመራው መድኃኒቱ ሲጀመር፣ ከዚያም በየ6 ወሩ ይደረጋል። በወረቀቱ ላይ ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ (አንዳንዱ ላቦራቶሪ ኤኤልቲና ኤኤስቲ ይላቸዋል) ተብለው የሚጻፉት፣ የጉበትን መጎዳት የሚጠቁሙት ቁጥሮች ከመደበኛው ጣሪያ ከ3 እጥፍ በላይ ከሆኑ፣ ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን ማቆም ይኖርበታል። መድኃኒቱ አዮዲን ስላለው የእንቅርት ዕጢ ምርመራም በዚያው ደም ቢሠራ ሌላ መርፌ ይቀራል።

የግል ላቦራቶሪ ፈጣን ነው፤ ሆኖም አንዱ ዘንድ የተሰጠን ወረቀት ቁጥሩን እንጂ መደበኛውን ልክ ስላልያዘ ሐኪሙ እንደገና አሠርቶናል፤ የከፈልነውም በከንቱ ቀረ። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወረፋው ያሰለቻል፤ ነገር ግን የጤና መድን ካላችሁ ወጪው ይቀልላል፣ የቀደመው ውጤትም ከካርዱ ጋር ይገኛል። የእኔ ምርጫ እርሱ ነው። ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መሄድ የሚገባው ቁጥሩ ከፍ ብሎ የልብ ሐኪም ውሳኔ ሲያስፈልግ እንጂ፣ በተለይ መንገዱ በሚዘጋጋበት ወቅት፣ ለደም ምርመራ ብቻ አይመስለኝም።

ዋናው ነገር ግን የትም ይሁን የት አንድ ላቦራቶሪ መርጦ በዚያው መቆየት ነው፤ መሣሪያውና መደበኛው ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ በየጊዜው ሌላ ቦታ የተሠራ ውጤት ቁጥሩ መጨመሩን በትክክል አያሳይም።

መድኃኒቱን ሲገዙም እንክብሉ የ100 ነው ወይስ የ200 ሚሊግራም የሚለውን ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር ያስተያዩ። እናትዎ ዋርፋሪን (የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት) ወይም ዲጎክሲን (ሌላ የልብ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ፣ አሚዮዳሮን የሁለቱንም ኃይል ስለሚያበረታ፣ ይህንን ለሐኪሙ ሳይነግሩ ምንም አያስጀምሯቸው። አረቄውንም ቢሆን ለጊዜው ያስተዉአቸው፤ እኛ ቤት ከመድኃኒቱ ይልቅ ያስቸገረን እርሱ ነበር።