ስትሮክ የያዘው እጅና ማግኔቱ፦ «ቢያንስ አይጎዳም» ይበቃል?

ሰላም ፊዚዮ፦ አንድ የጤና ፕሮግራም ላይ «ስትሮክ የያዘው እጅ ያለ ቀዶ ጥገና በማግኔት ይመለሳል» ሲባል ሰማሁና ደሜ ፈላ። ይመለሳል! በቃ በደፈናው። ከዚያ ወዲህ ታካሚዎቼ ልምምዱን ትተው «ማሽኑ የት ይገኛል?» ነው የሚሉኝ። በሰው ተስፋ እንዲህ መጫወት ልክ ነው? እስቲ ተናገሩ።

የአባቷ ልጅ፦ እህቴ፣ ቀስ በይ። የአባቴን ሸሚዝ የምቆልፈው እኔ ነኝ። ጣቶቹ ይጨብጣሉ፣ መልቀቅ ግን እምቢ ይላሉ። ብርጭቆ ከያዘ ጣቶቹን አንድ በአንድ የማላቅቀው እኔ ነኝ። ማግኔቱ ቢሞከርለት ምን ይሆናል? ቢያንስ አይጎዳም። ቀዶ ጥገና የለው፣ መርፌ የለው።

ዳኜ፦ «ቢያንስ አይጎዳም» ያለሽ ማነው? ጭንቅላቱ ውስጥ የብረት ክሊፕ ያለበት፣ የልብ ምት የሚያስተካክለው ፔስሜከር የተተከለለት ሰው ዝም ብሎ እዚያ ማሽን ስር አይቀመጥም። አልፎ አልፎም ቢሆን የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል። ስትሮክ ራሱ ደግሞ ለዚያ ያጋልጣል።

የአባቷ ልጅ፦ አልፎ አልፎ አልክ እኮ ራስህ! አባቴ የሚውጠው መድኃኒት ሁሉ ወረቀቱ ላይ የጉዳት መዓት ተጽፎበታል። እሱን ሲውጥ ማንም አልጮኸም።

ነርቭ ተማሪ፦ ቆይ ሁለታችሁም። ነገሩ ጥንቆላ አይደለም። ቲ.ኤም.ኤስ ይባላል፣ በ1985 እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ የጀመሩት ነው። ጥቅል ሽቦ ጭንቅላት ላይ ይጠጋል፣ የቅጽበት ምት ይለቀቅበታል፣ መግነጢሱ ቅሉን አልፎ አንጎል ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። እጅን የሚያዘው ቦታ ላይ ካረፈ በተቃራኒው ወገን ያለው አውራ ጣት ባለቤቱ ሳያዘው ብድግ ይላል። ምቱ ሲደጋገም ደግሞ፣ በሴኮንድ 1 ከሆነ ያንን ቦታ ያቀዘቅዘዋል፣ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያነቃቃዋል ይባላል። ከስትሮክ በኋላ ጤነኛው የአንጎል ወገን የተጎዳውን ይጫነዋል የሚል ሐሳብ አለ። ስለዚህ ጤነኛውን ማቀዝቀዝ። የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2020 ባወጡት መመሪያ ይሄን ዘዴ፣ ለእጅ፣ የመጀመሪያው አጣዳፊ ጊዜ ካለፈ በኋላ ላለው ወቅት፣ ከፍተኛውን የማስረጃ ደረጃ ሰጥተውታል። ሰላም፣ ይሄን ለምን ትዘዪዋለሽ?

ሰላም ፊዚዮ፦ አንተ ደግሞ በ2018 የወጣውን የአሜሪካ ሙከራ ለምን ዘለልከው? 12 ማዕከላት፣ 199 ሰው፣ ያው አንተ ያልከው በሴኮንድ 1 ምት ጤነኛው ወገን ላይ። አንዱ ቡድን እውነተኛውን ማሽን፣ ሌላው ማስመሰያውን አገኘ። ሁሉም ግን የእጅ ልምምድ ይሠሩ ነበር። ከ6 ወር በኋላ ሲታይ ከእውነተኛው ቡድን 67 በመቶው በደንብ ተሻላቸው። ከማስመሰያውስ? 65 በመቶው!

ዳኜ፦ በቃ፣ አለቀ።

ነርቭ ተማሪ፦ ምኑ ነው ያለቀው? ማስመሰያው ሽቦ ሙሉ ለሙሉ ዝም ያለ አልነበረም የሚል ጥያቄ ተነስቶበታል። ሰዎቹም ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 12 ወር የሆናቸው ናቸው። ቀደም ተብሎ ቢጀመርስ?

ዳኜ፦ ቢጀመርስ፣ ቢሆንስ፣ ቢሞከርስ! ሙከራ በወደቀ ቁጥር ሽቦው ላይ ማላከክ ደግ አይደለም። አንድ አባባል ይዘን እንጨርስ። አይጎዳም ወይስ ይጎዳል?

ጋሽ ዘሪሁን፦ ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፣ ቀኙ ተይዟል። 65 በመቶው ያለ ማግኔት፣ በልምምድ ተሻለው ማለት ትልቅ የምሥራች አይደለም እንዴ? በዚህ ለምን አንዳችሁም ደስ አላላችሁም?

ሰላም ፊዚዮ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የምጮኸው ለዚሁ ነው። በ2006 የወጣ ሌላ ሙከራ አለ፣ 222 ሰው። ጤነኛው እጅ ጓንት ለብሶ ይታገዳል፣ የተያዘው ሥራውን ሁሉ ይሠራል፣ 2 ሳምንት ሙሉ። ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ሆነ፣ ከዓመት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። ፕሮግራሙ ላይ ይሄ ለምን አይነገርም? እርስዎም ግራዎን ትንሽ ያሳርፉት።

የአባቷ ልጅ፦ ሰላም፣ ያ ሙከራ እኮ ጣቱንና አንጓውን ትንሽ መዘርጋት ለሚችል ሰው ነው። ሐኪሙ ነግሮኛል። አባቴ አይችልም። ለእሱ ምን አስቀራችሁ? ማግኔቱ ውሸት፣ ጓንቱ ለሌላ ሰው። ቢያንስ አይጎዳም ያልኩት ከዚህ ተነስቼ ነው።

ጥበቡ ኤሌክትሮ፦ ለምን ማግኔት ላይ ትሟገታላችሁ? በባትሪ የሚሠራው፣ ጭንቅላት ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ቲ.ዲ.ሲ.ኤስ አለላችሁ። 1 ወይ 2 ሚሊአምፕ፣ ሁለት እርጥብ ስፖንጅ፣ 20 ደቂቃ። እኔ ቤት ውስጥ ልሠራው እችላለሁ።

ሰላም ፊዚዮ፦ በፍጹም እንዳትሞክረው! ስፖንጁ ሲደርቅ ቆዳ ያቃጥላል። የተያዘ ሰው ደግሞ ስሜቱ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል፣ ሲቃጠል እንኳ ላይነግርህ ነው።

ነርቭ ተማሪ፦ አብዛኛው ኤሌክትሪክ የራስ ቆዳው ላይ ነው የሚቀረው። በዚያ ላይ የእጅ ጥቅሙን በተመለከተ ማስረጃው ከማግኔቱም የሳሳ ነው።

ጥበቡ ኤሌክትሮ፦ ኤሌክትሪክ የተማርኩት እኔ፣ ስለ ኤሌክትሪክ የምታስተምሩኝ እናንተ?

ዳኜ፦ ወንድሜ፣ የምናወራው ስለ ሰው ጭንቅላት ነው፣ ስለ ሰርኪት አይደለም።

ጥበቡ ኤሌክትሮ፦ የሕክምና ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፣ በሩን ይዘጋል።

ነርቭ ተማሪ፦ ወደ አባቷ እንመለስ። የአባትሽ ዓይነት ከባድ ጉዳት ላይ ጥያቄው ሌላ ነው። የተጎዳው ወገን ላይ አንድ ምት ሰጥተው የእጅ ጡንቻው መልስ ይሰጥ እንደሆነ ማየት ይቻላል። መልስ ከሰጠ ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው መንገድ ሙሉ ለሙሉ አልተበጠሰም። ይሄ ምርመራ ሐኪሞች ማን የተሻለ እንደሚያገግም ለመገመት ይጠቀሙበታል። እኔ ማግኔቱን ከምንም በላይ የምወደው ለዚህ ነው። ሌላም አለ፣ ይሄን ግን ሳትቆጪ ስሚኝ። መንገዱ ክፉኛ በተጎዳ ሰው ላይ ጤነኛው ወገን እየተጫነ ሳይሆን እያገዘ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። ያኔ እሱን ማቀዝቀዝ ያለችውን እንቅስቃሴ መንካት ነው።

ዳኜ፦ ይኸው! «ቢያንስ አይጎዳም» እዚህ ጋ ተሰበረ። አንተው አልከው።

ነርቭ ተማሪ፦ ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ምት አይሰጥ ማለት ማሽኑን ጣሉት ማለት አይደለም።

ሰላም ፊዚዮ፦ እሱን ነው ፕሮግራሙ ላይ መስማት የነበረብን። ለማን፣ መቼ፣ ከምን ልምምድ ጋር። «ይመለሳል» ብሎ መሄድ ግን ሰው መጉዳት ነው፣ ምቱ ባይጎዳ እንኳ።

ጋሽ ዘሪሁን፦ እኔስ ለዚያ ምርመራ ረፍዶብኛል? ከያዘኝ ቆይቷል።

ሰላም ፊዚዮ፦ ጋሼ፣ በዓመታት የቆየ እጅም በልምምድ ይለወጣል። ብዙ ድግግሞሽ ነው የሚፈልገው። ምርመራውን የነርቭ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

የአባቷ ልጅ፦ እኔም ምርመራውን እጠይቅለታለሁ። አውራ ጣቱ ብድግ ካለ ማሽኑንም እጠይቃለሁ፣ ተቆጡም አልተቆጡም።

ዳኜ፦ ብድግ ቢልም እኮ ማሽኑ ያድነዋል ማለት አይደለም! መንገዱ አለ ማለት ብቻ ነው።

የአባቷ ልጅ፦ መንገዱ ካለ ቆሜ ልየው ነው የምትለኝ?

ዳኜ፦ ከሰላም ጋር ልምምዱን ይሥራ ነው የምልሽ።

የአባቷ ልጅ፦ ልምምዱን ማን ተወ? ሁለቱንም ነው የምለው፣ አንብበህ መልስ እንጂ።