ያ ደም የነካው ወረቀት ስለ ልጄ ወባ ምን ይነግረኛል?

መምህሩ ከፎገራ

ሰላም ለሁላችሁ። ፎገራ ሩዝ የሚመረትበት ሜዳ ላይ ነው የማስተምረው። ጥቅምት ላይ የጤና ባለሙያዎች ትምህርት ቤታችን መጡ። ወላጅ የፈረመላቸውን ልጆች ጣት እየወጉ ደም ወሰዱ። አንዷ ጠብታ አርዲቲው ላይ፣ ማለትም ወዲያው መልስ የሚሰጠው የወባ መመርመሪያ ላይ ገባች። ሌላው ደም ክብ ክብ የተሠራበት ወፍራም ወረቀት ላይ ተንጠባጠበ። «ይሄኛው ለአንቲቦዲ ነው» አሉን።

የ9 ዓመቷ ልጄም ተመርምራለች። የአርዲቲው መልስ እዚያው ተነገረን፤ ነጻ ናት። የወረቀቱ መልስ ግን እስካሁን አልመጣም። ኅዳር አጋማሽ ላይ ማታ ብርድ ብርድ አላት። ሁለት ጋቢ ደርበንላት እንኳ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው አሉኝ። ሐምሌ ላይም የያዛት ይኸው ነበር።

ወረቀቱ ቀድሞ ሊነግረን ይችል ነበር ወይ? ወላጆችም «የልጆቻችንን ደም ወስደው የት አደረሱት?» እያሉ የሚይዙት እኔን ነው። የምመልሰው አጣሁ።

የላብራቶሪ ሰው

መምህር፣ ልጅዎን እግዜር ይማርልዎት። ላብራቶሪ ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ደም በመሰብሰብም ብዙ ቀበሌ ዞሬያለሁ።

አርዲቲ የሚፈልገው የወባው ተሕዋስ ራሱ የሚያወጣውን ፕሮቲን ነው። በማይክሮስኮፕ ስናይም ተሕዋሱን ነው የምናየው። አንቲቦዲ ግን የእኛው ሰውነት ተሕዋሱን ሲዋጋ የሚሠራው ነው። ተሕዋሱ ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ርብ ሞልቶ ሲሸሽ ግድግዳ ላይ የሚቀረውን የጭቃ መስመር ያውቁታል። ውሃው ዛሬ የለም፣ እስከ የት ደርሶ እንደነበር ግን ይታያል። አንቲቦዲም እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለታመመ ሰው መድኃኒት የምናዘው በአንቲቦዲ አይደለም። ስለ ቀበሌው ግን ብዙ ይናገራል። የ4 ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ከተገኘ፣ ወባ እዚያ ሰፈር ባለፉት 4 ዓመታት ገብቷል ማለት ነው። ገና የወራት ዕድሜ ያለው ሕፃን ከሆነ ከእናቱ የወረሰው ሊሆን ስለሚችል እሱን ለብቻው እናያለን። አዋቂዎቹ ላይ ሞልቶ ሕፃናቱ ላይ ከጠፋ ደግሞ ወባው ቀንሷል። ትኩሳት ይዞት ጤና ኬላ ያልመጣውም ሰው ሳይቀር ይቆጠራል። እኔ ይሄን ምርመራ የምወደው ለዚህ ነው።

አንቲቦዲ የሌለበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ስጋት አለው። በ1958 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወባ ደጋ ደጋውን ሲወጣ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ ወደ 150 ሺህ ሰው ሞቷል። ሕዝቡ በሽታውን ስለማያውቀው ሰውነቱ መከላከያ አልነበረውም።

ወላጆች ለምን መልስ እንደዘገየ ሲጠይቁዎት ይሄን ይንገሯቸው። ወረቀቱ መጀመሪያ ማደር አለበት፣ በደንብ ይድረቅ። እስኪደርቅ ዝንብ ሊነካው አይገባም፤ እኛ ካርቶን ገልብጠን በሻሽ እንሸፍነው ነበር። ከዚያ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። አንድ ክረምት ላይ ቸኩለን ሳይደርቅ አሸግን። ስንከፍተው ሻግቷል። የስንት ሕፃን ደም ከንቱ ቀረ፣ ዛሬም ያንገበግበኛል። በሰላም ከደረሰ ግን ከክቡ ላይ ትንሽ ተበስቶ ይነከርና ኤላይዛ በሚባለው የአንቲቦዲ መመርመሪያ ወይም ብዙ ዓይነት አንቲቦዲ በአንዴ በሚያነብ ማሽን ይታያል። ይሄ ማሽን ያለው ጤና ጣቢያ ሳይሆን ትልልቅ ላብራቶሪ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ሐምሌ ላይ ፕሪማኪን የሚባለው የቫይቫክስ መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር? ጨርሳዋለች?

የአርባ ምንጯ፣ ለንደን

እኔም የምናገረው አለኝ። ያደግኩት አርባ ምንጭ ነው። እዚህ ደም ልሰጥ ስሄድ ወባ ባለበት አገር የኖረ ሰው መጀመሪያ አንቲቦዲው ይታያል አሉኝ። ፖዘቲቭ ሆነ። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ወባ ውስጤ ተቀምጦ ገደለኝ ብዬ። በኋላ ሐኪሜ ሌላ ምርመራ አሠርታ ተሕዋስ እንደሌለብኝ አረጋገጠችልኝ። የድሮ ምልክት ነው። ደም መስጠት አለመቻሌ ግን ከፍቶኛል።

መምህሩ ከፎገራ

ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ፕሪማኪኑን ለ14 ቀን ብለው ሰጥተውን ነበር። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሆዷንም አመማት። እናቷም እኔም ዳነች ብለን ተውነው። ቀሪው አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ።

የላብራቶሪ ሰው

አይዞዎት፣ ይሄ በብዙ ቤት የሚሆን ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ይደበቃል። ያኔ ደም ውስጥ ስለሌለ አርዲቲም ማይክሮስኮፕም አያገኘውም። ጥቅምት ላይ ነጻ የተባለችው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የጉበቱን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው፣ ሲጨርሱት ብቻ።

ለጥያቄዎ መልሱም እዚህ ላይ ነው። ባለፉት ዘጠኝ ወራት ቫይቫክስ ይዞት የነበረን ሰው በስምንት ዓይነት አንቲቦዲ የሚለይ ዘዴ አለ። በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመው ጥናት ታይላንድ፣ ብራዚልና ሰለሞን ደሴቶች ላይ ሞክሮት ከመቶ 80 ያህሉን በትክክል ለይቷል። የተለየው ሰው ሳይታመም የጉበቱን መድኃኒት ይወስዳል ማለት ነው። እኛ አገርና ማዳጋስካርም ለሙከራ የተመረጡ ናቸው። የእናንተ ወረቀት ግን ለዚህ የተወሰደ አይመስለኝም፤ የቀበሌውን ሁኔታ ለማየት ነው።

መደርደሪያው ላይ ያለውን እንዳትሰጧት። አዲስ ከጤና ጣቢያ ተቀበሉ፣ ከምግብ በኋላ ስጧት። ሽንቷ እንደ ቡና ከጠቆረ ወዲያው አቁመው ይዘዋት ይሂዱ፤ መድኃኒቱ የማይስማማው ደም ያለው ሰው አለ።

መምህሩ ከፎገራ

ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ሩዝ በልታ ነው የምትውጠው፣ ሽንቷም ደህና ነው። በደብተሯ ጀርባ 14 ሳጥን ሠርታ በየቀኑ አንዱን ታቀልማለች። እሑድ የወላጆች ስብሰባ አለን፤ የርብን የጭቃ መስመር ምሳሌ ይዤ እገባለሁ።