ክርክር፦ ድብርትና ጭንቀት የያዘው ሰው ባለሙያ ጋ የማይሄደው ለምንድን ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ሰውን ከሕክምና የሚያስቀረው እፍረት ነው ወይስ አቅም ማጣት?

መምህሩ፦ እፍረት ነው፤ አያከራክርም። ስኳር የያዘው ሰው ለጎረቤቱ ይናገራል። ጭንቀት ሲሆን ግን «አበደ» እንዳይባል ለገዛ ሚስቱም አይተነፍስም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ መምህር፣ እፍረቱን ጥሶ የመጣውስ? ወረፋ አለ። ከሥራ ማስፈቀድ አለ። ክፍያውም አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕክምና እንደማያገኙ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ይሄ ሁሉ ሰው አፍሮ ቀረ?

ነርሷ፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ብዙው ሰው መታመሙን አያውቅም። ጭንቀት ልብ ያስመታል፣ ደረት ይወጋል፣ ሆድ ያውካል። ሰውየው ልቡን ይመረመርና «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል። እንቅልፍህ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀው የለም። በ24 አገሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። ሕክምና ያልጀመሩት በብዛት የሰጡት ምክንያት «አያስፈልገኝም» የሚል ነው። እንደሚያስፈልጋቸው ካወቁት ደግሞ አብዛኞቹ «ራሴ እወጣዋለሁ» ብለዋል።

መምህሩ፦ «ራሴ እወጣዋለሁ» ማለት እኮ ያው እፍረት ነው!

ነርሷ፦ ለአንዳንዱ ይሆናል። ግን ድብርት ራሱ ጉልበት ይነጥቃል። ስልክ አንስቶ ቀጠሮ መያዝ ተራራ ይሆናል። «ብሄድስ ምን ሊለወጥ?» የሚለው ሐሳብም የሕመሙ አካል ነው። እፍረት ብቻ ካልን ጥፋቱን በታማሚው ላይ እንጥላለን።

ታክሞ ያየ፦ እኔን «ሂድ ታከም» ያለኝ ብዙ ነው። ያሳከመችኝ ግን እህቴ ነች። ቀጠሮውን ራሷ ያዘችልኝ፣ አብራኝ ሄደች፣ እስክወጣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ነው መድኃኒት የጻፈልኝ። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ አልነገረኝም፤ ላቆመው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሰው ከሄደ በኋላም የሚቀረው በዚህ ነው። እባካችሁ ይሄንንም ቁጠሩት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እንዲህ ያለች እህት የሌለውስ?

ነርሷ፦ ለዚያ ነው ጠያቂው የጤና ባለሙያው መሆን አለበት የምለው። ፒኤችኪው 9 የሚባል የድብርት ምልክቶች መጠየቂያ ቅጽ አለ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት 9 ነገር ይጠይቃል፤ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ብቻውን ሕመሙን አያረጋግጥም፤ ወሬውን ግን ይከፍታል። ለራስ ምታት የመጣን ሰው እዚያው መጠየቅ ይቻላል። መምህር፣ ያን ጊዜ እፍረቱም ይቀላል፤ ነገሩን መጀመሪያ ያነሳው እሱ አይደለማ።