ዩኤስቢ የቴሌቪዥን ዶንግሌ በራዝቤሪ ፓይ ላይ ይታያል፣ ግን አንድም ጣቢያ አያገኝም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በደቡብ ለንደን ነው። የጣሪያ አንቴናችን የሚያመጣቸውን ነጻ ጣቢያዎች በቤታችን ስልኮችና ላፕቶፖች ሁሉ ለማየት አስቤ፣ ባለ 4 ጊጋባይት ራዝቤሪ ፓይ 4 በተባለ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ በዴቢያን 12 ላይ የተመሠረተውን ሊኑክስና ቲቪሄድኤንድ የተባለውን ቴሌቪዥን ተቀብሎ የሚያከፋፍል ፕሮግራም ጫንኩ። በዚህ መንገድ የአማርኛ ጣቢያ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ እነዚያን በሳተላይት ነው የምናያቸው። ዶንግሉ፣ ማለትም በዩኤስቢ የሚሰካው ትንሽ የቴሌቪዥን መቀበያ፣ በውስጡ ኤስአይ2168 የተባለ ሲግናል ፈቺ ቺፕና ኤስአይ2157 የተባለ ተቀባይ ያለው ሲሆን፣ ሁለቱንም የምድር ስርጭት ደረጃዎች፣ ማለትም ዲቪቢ-ቲን እና ዲቪቢ-ቲ2ን፣ እንደሚቀበል ማሸጊያው ላይ ተጽፏል።

ዶንግሉን ስሰካው የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) መዝገብ ሁለቱንም ቺፖች በስማቸው ይጠራቸዋል፤ በዴቭ ማውጫ ሥር ዲቪቢ፣ በእሱም ውስጥ አዳፕተር 0 የሚል ፎልደር ይፈጠራል፤ የስህተት መስመር አንድም አይታይም። ቲቪሄድኤንድም መሣሪያውን ያውቀዋል። ነገር ግን ስካን ሳደርግ ስድስቱም ዋና ዋና የስርጭት ሞገዶች አንድ በአንድ «አልተሳካም» እየተባሉ ያልቃሉ። ያንኑ ዶንግል በዚያው የአንቴና ገመድ ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ግን ሁሉም ጥርት ብለው ይመጣሉ፤ ስለዚህ አንቴናውን ለመጠርጠር ምክንያት አጣሁ። ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል። ቀጥሎ ምን ልፈትሽ?

መልስ

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አልደክምበትም ነበር። አርቲኤል2832ዩ የተባለው ቺፕ ያለበት ዶንግል ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሊኑክስ ለእሱ የሚያስፈልገው ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ከከርነሉ ጋር ስለሚመጣ እንደሰኩት ይሠራል። የእኔ ለዓመታት ያለችግር አገልግሎኛል። አሁን ያለዎትን ለላፕቶፑ ይተዉት።

ሌላ መልስ

ከላይ የተሰጠው ምክር በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ለጠያቂው የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ምክንያቱም አርቲኤል2832ዩ ለብቻው የሚፈታው ዲቪቢ-ቲን ብቻ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ባለ ከፍተኛ ጥራት (ኤችዲ) ጣቢያዎች የሚተላለፉት በዲቪቢ-ቲ2 ስለሆነ፣ ያንን ዶንግል የገዛ ሰው ቢቢሲ ዋንን በመደበኛ ጥራት ያያል እንጂ ኤችዲውን በጭራሽ አያገኘውም። በእጅዎ ያለው ዶንግል ከዚያ የተሻለ ነውና አይጣሉት።

ጠያቂው መዝገቡን የተመለከቱት ዶንግሉን በሰኩበት ቅጽበት ይመስለኛል፤ የተሸወዱትም እዚያ ላይ ነው። የኤስአይ2168 ድራይቨር ፈርምዌሩን፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ የሚሠራውን ሶፍትዌር፣ የሚፈልገው መሣሪያው ሲሰካ አይደለም፤ አንድ ፕሮግራም ተቀባዩን ከፍቶ ሞገድ ፈልግ ብሎ ሲያዘው ነው። በመሆኑም ሲሰካ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል፤ ስካኑ ሲጀምር ግን ድራይቨሩ በሊብ ማውጫ ሥር ባለው የፈርምዌር ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ይፈልጋል፣ ካጣውም ስህተት -2 ብሎ ይመዘግብና ያቆማል። በከርነሉ ቋንቋ -2 ማለት «የተባለው ፋይል የለም» ማለት ነው፤ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ቺፑ ሞቷል ማለት አይደለም። ይህን ለማየት በአንድ ተርሚናል ላይ መዝገቡን ከፍተው ይተዉት፣ በሌላው ስካኑን ያስጀምሩ፣ የሚጨመሩትንም መስመሮች ያንብቡ። የጎደለው ፋይል ሙሉ ስም እዚያው ተጽፎ ያገኙታል፤ ምናልባት ቢ40 የሚል ምልክት ያለበት ይሆናል፣ ነገር ግን የቺፑ ዕትሞች ስለሚለያዩ መዝገቡ የሚለውን እንጂ የእኔን ግምት አይከተሉ።

በዊንዶውስ የሠራበትም ምክንያት ይኸው ነው። የአምራቹ የዊንዶውስ ድራይቨር ፈርምዌሩን በውስጡ ይዞ ይመጣል። ሊኑክስ ላይ ግን ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ሲመጣ ፈርምዌሩ ለብቻው ይቀራል። ፈርምዌሩ የሚቀመጠው በቺፑ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ዶንግሉ በተነቀለ ቁጥር ይጠፋና እንደገና መጫን አለበት፤ በላፕቶፑ ላይ አንድ ጊዜ መሥራቱ ለፓይው ምንም አይፈይድለትም።

ነገሩን በግማሽ ሰዓት ለማጣራት ከፈለጉ፣ በትርፍ ሚሞሪ ካርድ ላይ ሊብሬኤሌክ የተባለውን ፊልምና ቴሌቪዥን ለማየት የተዘጋጀ ሊኑክስ ጭነው ይሞክሩት። እሱ የዲቪቢ ፈርምዌሮችን አሰባስቦ ይዞ ይመጣል። በእሱ ላይ ጣቢያዎቹ ከመጡ ዶንግሉም፣ አንቴናውም፣ ገመዱም ነጻ ናቸው።

ከጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልክ እንዳሉት ሆነ። ስካኑን ሳስጀምር ስህተት -2 የሚለው መስመር ከነፋይሉ ስም ወጣ። ፋይሉን ከኢንተርኔት አውርጄ በቦታው ባስቀምጠውም መጀመሪያ ላይ ድራይቨሩ አልቀበልም አለኝ፤ በጽሑፍ ማሳያ ብከፍተው ለካ ያወረድኩት ፋይሉን ሳይሆን ፋይሉ የሚታይበትን ድረ ገጽ ኖሯል! እውነተኛውን ካወረድኩ በኋላ መዝገቡ የፈርምዌሩን ስሪት ቢ 4.0.11 ብሎ ጻፈ፤ ከዚያም በመደበኛ ጥራት የሚተላለፉት ሁሉ መጡ።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ኤችዲ ጣቢያዎቹ አልመጡም፤ የተሸከማቸው ሞገድ አሁንም «አልተሳካም» ይላል። ሁለተኛ፣ በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ መቅዳት ስጀምር ምስሉ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ዶንግሉ ራሱ ተነቅሎ እንደተሰካ ሁሉ ከመዝገቡ ጠፍቶ ይመለሳል። ሳልቀዳ ስመለከት ግን ለሰዓታት ምንም ችግር አይታይም።

ሦስተኛ መልስ

የመጀመሪያው ቀላል ነው። በደቡብ ለንደን ካለው የክሪስታል ፓላስ ማሰራጫ ማማ ኤችዲዎቹን የያዘው ሞገድ ቻናል 30፣ ማለትም 546 ሜጋኸርዝ ነው። በቲቪሄድኤንድ ውስጥ ያንን ሞገድ ከፍተው የስርጭት ዓይነቱን ይመልከቱ፤ ዲቪቢ-ቲ ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ወደ ዲቪቢ-ቲ2 ለውጠው እንደገና ስካን ያድርጉ። ዓይነቱ ከተሳሳተ ሲግናሉ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን አይያዝም።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ መሆኑን ሳልፈትሽም እገምታለሁ፤ እኔም ገመድ ስቀይር፣ አንቴና ስጠመዝዝ፣ ማጉያ ስገዛ ከርሜ ነው በመጨረሻ የደረስኩበት። ራዝቤሪ ፓይ 4 ለአራቱም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በድምሩ የሚሰጠው 1.2 አምፔር ብቻ ነው። የራሱ ኃይል የሌለው ተንቀሳቃሽ ዲስክ በዩኤስቢ 3 ሕግ እስከ 900 ሚሊአምፔር ሊወስድ ይፈቀድለታል፤ ዶንግሉም በዩኤስቢ 2 ሕግ እስከ 500 ይደርሳል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ፣ በተለይም ዲስኩ ሲጽፍ፣ ድምሩ ከሚፈቀደው ሊያልፍ ይችላል። ሳይቀዱ ችግር አለመኖሩ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ፓይውን የሚመግበው የስልክ ቻርጀር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለፓይ 4 የተሠራው ቻርጀር 5.1 ቮልትና 3 አምፔር ነው፤ የስልኩ ቻርጀር 5 ቮልት ቢሰጥም እንኳ ቀጭን ገመድ ከዚያ ላይ ይቀንሳል። ቮልቴጁ ሲወርድ በስክሪን ላይ የመብረቅ ምልክት ይታያል፤ ነገር ግን የእርስዎ ፓይ ያለስክሪን ጥግ ላይ የተቀመጠ ስለሚመስለኝ ማንም አያየውም። በተርሚናል ላይ ጌት ትሮትልድ የተባለውን ትዕዛዝ ይስጡ፤ መልሱ ዜሮ ብቻ ከሆነ ደህና ነው፣ በ50000 ካለቀ ኮምፒዩተሩ ከተነሳ በኋላ ቮልቴጁ ወርዶ እንደነበር፣ በ50005 ካለቀ ደግሞ አሁንም እንደወረደ ይነግርዎታል።

መፍትሔው ዲስኩን የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ባለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ማዛወር ነው። ዶንግሉን በፓይው ላይ ይተዉት፤ ሆኖም በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ከቦርዱ ራቅ አድርገው በጥቁሩ (የዩኤስቢ 2) ቀዳዳ ይሰኩት፣ ዩኤስቢ 3 መሣሪያዎች የራዲዮ ረብሻ ያወጣሉና። ሲግናሉን በዲቪቢ መለኪያ ትዕዛዞች ማየት ካማረዎ ቲቪሄድኤንድን አስቀድመው ያቁሙት፤ አለበለዚያ ተቀባዩን እሱ ስለያዘው «መሣሪያው ሥራ ላይ ነው» ይባላሉ። ከሚታዩት ቁጥሮች ሊታረሙ ያልቻሉ የዳታ ጥቅሎችን የሚቆጥረውን ይከታተሉ፤ የሲግናል መጠን የሚለው መቶኛ ከዶንግል ዶንግል ስለሚለያይ እኔ ብዙም አላምነውም።

ከጠያቂው

የስርጭት ዓይነቱ በእርግጥም ዲቪቢ-ቲ ተብሎ ነበር፤ ስለውጠው ኤችዲዎቹ ወዲያው መጡ። ትዕዛዙ በ50005 የሚያልቅ ቁጥር ሰጠኝ፤ ቻርጀሩም እንደገመቱት የድሮ ስልኬ ቻርጀር ነበር። ለፓይው የተሠራውን ቻርጀር ብቻ ቀይሬ ስሞክር ቁጥሩ ዜሮ ሆነ፣ ዶንግሉም መጥፋቱን አቆመ፤ ነገር ግን ሁለት ጣቢያ በአንድ ጊዜ ስቀዳ አልፎ አልፎ ምስሉ ይሰበር ነበር። ዲስኩን ወደ ማከፋፈያው ካዛወርኩት ወዲህ ትናንት ማታ ለአራት ሰዓት ያህል ሁለት ጣቢያ ስቀዳ ያልታረሙት ጥቅሎች ቁጥር ከዜሮ አልተነሳም። የዩኤስቢ ማራዘሚያውን ገና አልገዛሁም።