ስፒሪትስ ኦፍ ሴንት ሉዊስ ምን ነካው?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ ድሮው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ስለ ኤቢኤ፣ እያነበብኩ ነው። ሞሰስ ማሎንን የመሰለ ተጫዋች የነበረው የሴንት ሉዊስ ከተማው ቡድን ስፒሪትስ እንዴት በሁለት ዓመት ብቻ (ከ1974 እስከ 1976 እ.ኤ.አ.) ጠፋ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄን ቡድን በጣም ነው የምወደው! በ1975 ጁሊየስ ኤርቪንግ ያለበትን ሻምፒዮኑን የኒውዮርክ ኔትስ በጥሎ ማለፉ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 አሰናብተውታል። የስፒሪትሱ ተጫዋች ማርቪን ባርንስ ልዩ ነበር። ሜዳው ግን አልሞላም። በ1976 ኤቢኤ ሲፈርስ ተፎካካሪው ሊግ ኤንቢኤ አራት ቡድን ብቻ ወሰደ፦ ኔትስ፣ ናጌትስ፣ ፔሰርስና ስፐርስ። ከቀሩት አንዱ የሆነው የኬንታኪ ቡድን ባለቤት 3.3 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተቀብሎ ወጣ። የስፒሪትስ ባለቤቶች፣ የሲልና ወንድማማቾች፣ 2.2 ሚሊዮን ብቻ ወሰዱ። በዚያ ላይ ግን አራቱ ቡድኖች ከሚያገኙት የቴሌቪዥን ገቢ አንድ ሰባተኛ እንዲከፈላቸው ተዋዋሉ። እስከ መቼ? ኤንቢኤ እስካለ ድረስ! ያኔ የቴሌቪዥን ገንዘብ ኢምንት ነበር። በ2014 ኤንቢኤ ከዚያ ውል ለመገላገል 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። ከዚህ የበለጠ ብልህ ድርድር በስፖርት አላየሁም።

መልስ፦ ጨዋታቸውን በሬዲዮ ያስተላልፍ የነበረው ታዋቂው የስፖርት ጋዜጠኛ ቦብ ኮስታስ መሆኑም አይረሳ። ገና የ22 ዓመት ልጅ ነበር።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን ደጋፊው ነው ያሳዘነኝ። በ1968 የከተማው የኤንቢኤ ቡድን ሃውክስ ወደ አትላንታ ሄደባቸው፣ ከዚያ ይሄ።