በፕራይመሪ ላይ የሌላውን ሰው ልብ ስንገምት እስከ መቼ?

ብርሃኔ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
እሑድ ዕለት በአካባቢያችን የአማርኛ ሬዲዮ የቀረበው እንግዳ ስለ 2028ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫና ፓርቲዎች ዕጩአቸውን በድምፅ ስለሚመርጡበት ፕራይመሪ የተናገረውን ሰምታችሁ ከሆነ እንደኔ ሳትበግኑ አልቀራችሁም። «በፕራይመሪ የምትወዱትን ሳይሆን ሌላው ሰው የሚቀበለውን ምረጡ፤ ያለዚያ ድምፃችሁን ታባክናላችሁ» ነው ያለው። አዘጋጁም ትክክል ነው ብሎ አለፈ። ይህን ምክር ስንሰማ ስንት ዓመታችን ነው? በ2004 በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ሃዋርድ ዲን አይመረጥም፣ ጆን ኬሪ ግን ቬትናም የዘመተ ስለሆነ ቡሽ በጦርነት ጉዳይ አይደፍረውም ተባለ። አዮዋ ላይ ኬሪ አንደኛ፣ ዲን ሦስተኛ ወጡ። ከዚያ ተቃዋሚዎቹ ያንኑ የቬትናም አገልግሎቱን ይዘው ዘመቱበትና ኦሃዮን አጥቶ ተሸነፈ። በ2016 ደግሞ ሂላሪ ክሊንተን ልምድ አላት፣ ግራ ዘመሙን ሴናተር በርኒ ሳንደርስን ሌላው ሰው አይቀበለውም ተባለ። የሆነውን አይተናል። ይህ «ሌላው ሰው» ማን ነው? ሄዶ የጠየቀውስ ማን ነው?

ታዛቢ (አሌክሳንድሪያ)፦
እህቴ ብርሃኔ፣ እንግዳው ያለው ልክ ነው፣ እኔም እደግመዋለሁ። አንቺ የቆጠርሽው የሚስማማሽን ብቻ ነው። በ1972 የዴሞክራት ፕራይመሪ መራጭ በቬትናም ጦርነት ተቆጥቶ ልቡ የወደደውን ጆርጅ ማክገቨርንን መረጠ። ኖቬምበር ላይ በአጠቃላይ ምርጫው ኒክሰን 49 ስቴት ጠቅልሎ ወሰደ፤ ለማክገቨርን የተረፉት ማሳቹሴትስና ዲሲ ብቻ ናቸው። ለፕራይመሪ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፣ ዜና የሚከታተል፣ ፓርቲው የገባው ሰው ነው። ኖቬምበር ላይ የሚወስነው ግን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ በምታዘነብለው በዊስኮንሲን ያለ፣ ፕራይመሪ መቼ እንደነበረ እንኳ የማያስታውስ ሰው ነው። በ2020 ባይደን አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ወጥቶ ሁሉም ተስፋ ቆርጦበት ነበር። ከወደቀበት ያነሱት የሳውዝ ካሮላይና ጥቁር መራጮች ናቸው። ትራምፕን ማን ሊጥለው ይችላል ብለው አስበው መረጡ፣ ጣለውም፤ ፕሬዚዳንቱን በሚወስነው በስቴቶች የኤሌክቶራል ድምፅ 306 ለ232። ድምፃቸው ባከነ ልትዪኝ ነው?

የቬጋስ ማታ ፈረቃ፦
ጋሽ ታዛቢ፣ ሳውዝ ካሮላይና በአጠቃላይ ምርጫ ለዴሞክራት የሰጠችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1976 ነው፣ ለጂሚ ካርተር። ኖቬምበር ላይ ለዴሞክራት አንድ የኤሌክቶራል ድምፅ የማታዋጣ ስቴት እንዴት ነው ማን እንደሚያሸንፍ የምትወስንልን? በ2020 እኛ እዚህ ኔቫዳ በኮከሱ፣ ማለት መራጩ ተሰብስቦ ዕጩውን በሚለይበት ስብሰባ፣ ለሳንደርስ ቆመናል። የኩሊናሪ (የሆቴልና የወጥ ቤት) ሠራተኞች ማኅበር መሪዎች የሳንደርስን የጤና መድን እቅድ ሲያጥላሉ ሰንብተው፣ በስትሪፑ፣ በቬጋስ ዋና የካዚኖ ጎዳና፣ ሆቴሎች ውስጥ በተካሄደው ኮከስ ክፍል አጽጂውና ወጥ ቤቱ በብዛት ከሱ ጎን ተሰለፈ። ሳንደርስን ነጭ ተማሪ እንጂ ሠርቶ አደር አይከተለውም ይሉን የነበሩት ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ከሳምንት በኋላ ሳውዝ ካሮላይና መጣች፣ ተወዳዳሪዎቹ ቡቲጀጅና ክሎቡሻር በሁለት ቀን ውስጥ ተከታትለው ከውድድሩ ወጡ፣ ብዙ ስቴቶች በአንድ ቀን በመረጡበት ማርች 3 ላይ ነገሩ አለቀ። ፍርሃት ነው የመረጠልን።

ዘአትላንታ፦
«ፍርሃት ነው የመረጠልን» ያልከውን እኔ ዝም ብዬ አላልፈውም። ሳውዝ ካሮላይና ላይ የተሰለፉት ጥቁር እናቶችና አባቶች ለመምረጥ ሲሉ የተደበደቡ ሰዎች ልጆች ናቸው። የነጩን መራጭ ጠባይ ካንተም ከኔም በላይ ያውቁታል። የዚያው ስቴት የኮንግረስ አባል ጂም ክላይበርን ባይደንን ሲደግፍ አዛዥ ሆኖባቸው አይደለም፣ እነሱ ሊሉ የፈለጉትን አስቀድሞ ስላለው ነው። ስቴቷ ኤሌክቶራል ድምፅ አታዋጣም ትላለህ፤ ዘመዶቻቸው የት እንዳሉ ግን ተመልከት፦ ዲትሮይት፣ ሚልዋኪ፣ ፊላደልፊያ፣ እዚህ እኛ ጋ። ጆርጂያን ባይደን ያሸነፈው በ11,779 ድምፅ ነው። ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ከክላርክስተን ሐበሾች ጋር ሰልፍ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ያ ቁጥር ለኔ ወሬ አይደለም።

የቬጋስ ማታ ፈረቃ፦
እናቶቹን አልሰደብኩም። የሌላውን ሰው ጥላቻ አስልተው እንዲመርጡ የተገደዱ ሰዎች ናቸው ነው ያልኩት። አንተም ያረጋገጥከው ይህንኑ ነው።

ሶስና፦
እስቲ ወደ 2008 እንመለስ፤ እዚህ መድረክ ላይ ያለን ሰዎች ብዙዎቻችን ያኔ አዲስ ዜጎች ነበርን። በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ በካፌው የሚወራው «ነጭ አሜሪካ ጥቁር አይመርጥም፣ ለሂላሪ እንስጥ» የሚል ነበር። በ2007 ብዙ ጥቁር መራጭ ራሱ ለሂላሪ ያደላ የነበረው በዚሁ ሒሳብ ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን ሕዝቧ በአብዛኛው ነጭ የሆነችው አዮዋ ኦባማን መረጠች፤ ሳውዝ ካሮላይና በዚያው ወር በ55 ከመቶ ተከተለች። በኖቬምበር 365 የኤሌክቶራል ድምፅ አገኘ፣ ኢንዲያና እንኳ ሳትቀር ሰጠችው። ሌላው ሰው አይቀበለውም ሲባል የነበረው ሰው ነው ይሄ! የአዮዋ ገበሬ ከኛ ግምት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እኛ ግን የሱን ክፋት እየገመትን ራሳችን የዘር መስፈርት አወጣን። አንድ ሰው ስለ ሴት ዕጩ «እኔ ቅር አይለኝም፣ ሌላው ግን አይመርጣትም» ብሎ ድምፁን ሲነፍጋት ድምፁ የሚቆጠረው እንደ ጠላቷ ድምፅ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ልዩነት የለውም።

ታዛቢ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሶስና፣ ኦባማ በመቶ ዓመት አንዴ የሚገኝ ሰው ነው፣ ሕግ አታድርጊው። «አይመርጣትም» ካልሽ አይቀር በግልጽ እናውራው። ሴት ሁለት ጊዜ አቀረብን፣ በ2016ም በ2024ም። ሁለቱንም ጊዜ ለትራምፕ አስረከብን። ሁለቴ የተቃጠለ እጅ ሦስተኛ እንዲሞክር ነው የምትመክሪው?

ሶስና፦
አል ጎር ተሸነፈ፣ ጆን ኬሪ ተሸነፈ፣ ዱካኪስ ተሸነፈ፣ ሞንዴል ከሚኒሶታና ከዲሲ በቀር ሁሉንም አጣ። አንድም ቀን «ወንድ አይመረጥም» ብለው ሲሰበስቡን አልሰማሁም። ሂላሪ ከትራምፕ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ በልጣለች። ሰው እኮ መርጧታል!

ታዛቢ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሕጉ የሚቆጥረው ስቴት ነው። ሚሺጋንን በ10,704 ድምፅ አጣች። የወሰኑት ሦስቱ ስቴቶች፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬኒያ፣ ልዩነታቸው ተደምሮ 78,000 አይሞላም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የተረፋት ድምፅ ለሚሺጋን አይበደርም።

ብርሃኔ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሚሺጋንን ካነሱማ፣ በዚያው ዓመት የሚሺጋንንና የዊስኮንሲንን ፕራይመሪ ያሸነፈው ማን ነበር? ሳንደርስ። እርስዎ «የዊስኮንሲን ሰው» እያሉ የሚጠሩት ሰው በፕራይመሪ ላይ ነግሮን ነበር። አልሰማነውም። የኔ ንዴት እዚህ ላይ ነው፦ ሌላው ሰው ራሱ ሲናገር አናዳምጠውም፣ በሱ ስም ግን እንመርጣለን።

ዘአትላንታ፦
በዚህ ላይ ብርሃኔ ተሳስታለች። ፕራይመሪ ማሸነፍ ለኖቬምበር ማስረጃ አይሆንም። በ2008 ኦሃዮንና ፔንሲልቬኒያን በፕራይመሪ ያሸነፈችው ሂላሪ ናት፤ ትልልቆቹን ስቴቶች የያዝኩት እኔ ነኝ እያለች ዕጩውን በፓርቲው ጉባኤ የሚመርጡትን ዴሊጌቶች የለመነችውም በዚሁ ነው። ኖቬምበር ላይ ሁለቱንም ኦባማ ወሰዳቸው። በፓርቲው ውስጥ ሁለተኛ የመረጥከው ሰው ከተቃዋሚው ጋር ሲቆም አንደኛህ ይሆናል። መለኪያው የተለያየ ነው።

ሰላም ከበርክ፦
አንድ ያልተነሳ ነገር። ስለ ቨርጂኒያ ለምን አታወሩም? በ2021 ለገዥነት በተደረገው የዴሞክራት ፕራይመሪ ላይ ጄኒፈር ካሮል ፎይና ጄኒፈር ማክለለን ነበሩ፣ ሁለቱም ጥቁር ሴቶች፣ ሁለቱም በስቴቱ ምክር ቤት የሠሩ። እኛ ግን ቴሪ ማካሊፍ አንዴ ገዥ ሆኖ ስለነበር እርግጠኛው እሱ ነው ተብለን በ62 ከመቶ መረጥነው። ከዚያ በሪፐብሊካኑ ያንግኪን ተሸነፈ። ይህ የገዥ ምርጫ ነው፣ ፕሬዚዳንታዊ አይደለም፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ጋሽ ታዛቢ በዚያ ዓመት ለማን ቅስቀሳ ሲያደርጉ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

ታዛቢ (አሌክሳንድሪያ)፦
አልደብቀውም፣ ለያንግኪን ነው። የባይደን አስተዳደር በሀገሬ ላይ በያዘው አቋም ተቃጥዬ ነበር። ያኔ የመረጥኩት በቁጣ እንጂ በስሌት አይደለም።

ሰላም ከበርክ፦
ትራምፕ በኦክቶበር 2020 ስለ ሕዳሴ ግድብ ሲናገር ግብፅ ታፈነዳዋለች ብሎ ነበር። ከዓመት በኋላ ለሱ ፓርቲ ድምፅ ስጡ ስትሉን ይህን አላነሳችሁም። ያ ቁስል እኔ ዘንድ አልሻረም። እርስዎ በቁጣ የመምረጥ መብት ካለዎት ብርሃኔ በፍቅር ብትመርጥ ምን አጠፋች?

ዘአትላንታ፦
እባካችሁ፣ የሀገር ቤቱን ጉዳይ እዚህ ከከፈትን አንወጣም። ርዕሱ ፕራይመሪ ነው።

ሰላም ከበርክ፦
ርዕሱማ ይሄው ነው። ሐበሻ እንደማንኛውም መራጭ በቁጣውም በፍቅሩም ይመርጣል። «ሌላው ሰው» የሚሉን እኛን ነው፣ በዊስኮንሲኑ ሰው ዓይን ሌላው እኛ ነን። የኛን ልብ አስቀድሞ የገመተ አማካሪ አልነበረም።

ከሚኒሶታ፦
የሁላችሁንም አነበብኩ። 2024ን ሸሻችሁት። የኛው የምክር ቤት አባል ዲን ፊሊፕስ ተነስቶ ባይደን ኖቬምበር ላይ አያሸንፍም አለ። ዋናው ክርክሩ ይኸው ነበር። ጋሽ ታዛቢ ያሉትን ስሌት ነው ይዞ የመጣው። ፓርቲው ፊቱን አዞረበት፣ በገዛ ስቴቱ እንኳ በጋዛ ጉዳይ የተቆጡት «አልወሰንኩም» ብለው የሰጡት ድምፅ ከሱ በለጠ፤ 19 ከመቶ ገደማ። ትራምፕን ያሸነፈው ባይደን ብቻ ነው እየተባልን መረጥነው። ጁላይ 21 ራሱን አገለለ። ካማላ ሃሪስ አንድም ፕራይመሪ ሳትወዳደር በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ሩጪ ተባለች፣ 312 ለ226 ተሸነፈች። ስለዚህ «ያሸንፋል» የሚለው ቃል ወንበር ላይ ላለው ሰው ሲሆን የማይመረመር፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ግን ፈተና የሚሆነው ለምንድን ነው?

ታዛቢ (አሌክሳንድሪያ)፦
ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፊሊፕስ ልክ ነበር። ስሌቱ ግን በጊዜ አልተሠራም እንጂ ስህተት አልሆነም። እኔ በበኩሌ በማርች 2024 በሪፐብሊካኖች ፕራይመሪ ትራምፕን ለተፎካከረችው ለኒኪ ሄሊ ነው የሰጠሁት። ቨርጂኒያ የፓርቲ ምዝገባ የለም፣ የሪፐብሊካኑን ወረቀት ጠይቄ መረጥኩ። ትራምፕን ገና በፕራይመሪ ማስቆም ይሻል ነበር።

ብርሃኔ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
እኛ ሜሪላንድ ይህ ዕድል የለንም። በፓርቲ ካልተመዘገብን በፕሬዚዳንት ፕራይመሪ አንመርጥም፤ ስንት ወገናችን ዜግነቱን ሲይዝ «ፓርቲ አልፈልግም» ብሎ ሞልቶ እስከ ዛሬ ከፕራይመሪ ውጭ ነው። የኛ ተራ ሲደርስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነገሩ አልቋል፤ በ2024 እኛ ሜይ 14 ስንወጣ ባይደንም ትራምፕም ከማርች ጀምረው በቂ ዴሊጌት ይዘዋል። እርስዎ ግን ሁለት በር ተከፍቶልዎት በራስዎ ፓርቲ በር አልገቡም። ያን ቀን በቨርጂኒያ የዴሞክራት ወረቀት ላይ የፊሊፕስ ስም ነበር። ልክ ነበር ያሉት ሰው!

ታዛቢ (አሌክሳንድሪያ)፦
ፊሊፕስ ማሸነፍ አይችልም ነበር።

ከሚኒሶታ፦
ሄሊስ ትችል ነበር?

ሶስና፦
ጋሽ ታዛቢ፣ ለዚህ ይመልሱ። ማሸነፍ ለማይችል ሰው ድምፅ አይሰጥም ብለው ነው ከላይ ጀምሮ የተከራከሩን።

ታዛቢ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሄሊ በአጠቃላይ ምርጫ ከትራምፕ የተሻለ ታሸንፍ እንደነበር የሕዝብ አስተያየት ጥናቶቹ ያሳዩ ነበር። በፕራይመሪ መውደቋ የኔን ነጥብ ያጠናክረዋል፦ የፓርቲ ሰው ሀገሩ የሚፈልገውን አይመርጥም።

የቬጋስ ማታ ፈረቃ፦
ሪፐብሊካኖቹ ስሌቱን ጥለው የወደዱትን መረጡ፣ አሸነፉም። በ2016ም እንዲሁ። ይህን ለአንድ ደቂቃ አስቡበት ጋሼ።